ሥራ አልለቀቁትም

እሑድ

አንድ "አዎ" ብቻ ነበር የቀረኝ። እስከዚያ ድረስ የተጠየቅኩትን ሁሉ አዎ እያልኩ መጥቻለሁ። አሥራት ትከፍላለህ? አዎ። ከመጠጥ፣ ከሲጋራ፣ ከቡና ትጠበቃለህ? አዎ። ቀጥሎ የንጽሕናው ጥያቄ መጣ፤ ከትዳር ውጪ ከመተኛት ትጠበቃለህ? ቢሾፑ እስክሪብቶውን ካርዱ ላይ አስጠግቶ ነበር።

"አይ" አልኩት።

ቢሾፕ ሲባል ጥቁር ቀሚስና ረጅም ጺም ለሚመጣበት ሰው፦ የኛ የጥርስ ሐኪም ነው። በሳምንቱ ጥርስ ይነቅላል፣ እሑድ ነፍስ ይጠብቃል። ደሞዝ የለውም። ሞርሞን እንዲህ ነው።

ማርከስ የሚባል ሰው አለ፣ አብረን ነው የምንኖረው፣ እወደዋለሁ፣ ልተወውም አላሰብኩም አልኩት። በአንድ ትንፋሽ ነው ያልኩት። እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ክፉ ሰው ቢሆን ይቀለኝ ነበር፤ ግን በጣም በቀስታ "እርዳታ ትፈልጋለህ?" ብሎ ጠየቀኝ።

"የምፈልገው የእህቴን ሰርግ ማየት ነው" አልኩት።

"እሱን ልፈርምልህ አልችልም።"

ቤቴል የፊታችን ቅዳሜ ቤተ መቅደስ ውስጥ ታገባለች። እዚያ የሚገባው ተጠይቆ ፈቃድ የተሰጠው ሰው ብቻ ነው። ትንሽ ካርድ ናት፣ በር ላይ ታሳያለህ። የኔ ጊዜዋ አልፏል። የሚያናድደው፣ ቤቴል ከሁለቱ ምስክሮች አንዱ እኔ እንድሆን ነበር የጠየቀችኝ። ሌላዋ ሙሽሪት አባቷን ታቆማለች። እሷ ግን መኪና መንዳት ያስተማረኝ ናቲ ነው፣ እሱ ይቁምልኝ አለች።

ቢሾፑ ለአባዬ እንደማይነግረው ነገረኝ። "ያንን የምትናገረው አንተ ነህ" አለኝ። እጄን ጨበጠኝ።

የዛሬ ድሎቼ፦ አላለቀስኩም። ይቅርታ አልጠየቅኩም። ስወጣ አባዬ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ "ጨረስክ?" አለኝ፣ "ማክሰኞ ቤት እመጣለሁ፣ እናወራለን" አልኩት።

ሰኞ

መጀመሪያ ለቤቴል ነው መንገር ያለብኝ ብዬ ቀሚሷን ልትቀበል ስትሄድ አብሬያት ሄድኩ። እዚህ አሜሪካ ሞርስ ሮድ ላይ ያለችው ሐበሻ ልብስ ሰፊ፣ እጅጌ ያልነበረውን ቀሚስ እጅጌ ቀጥላለት፣ ደረቱን ዘግታለት ጠበቀችን። ቤተ መቅደስ ለመግባት እንዲያ መሆን አለበት፤ ሙሉ ነጭ፣ ሙሉ ሽፍን። ሴትየዋ በገንዘብ የተገዛ ውበት ለምን እንደሚሸፈን አልገባትም። "ጥለት ላድርግበት? በነጻ" አለች። ጥለትም አይቻልም ስንላት ከንፈሯን መጠጠች።

መኪና ውስጥ ነገርኳት። ቀሚሱን ጭኗ ላይ አድርጋ ይዛው ነበር። ማርከስ ኪራይ የምንካፈል ሩምሜቴ ብቻ እንዳልሆነ ታውቃለች ብዬ አስቤ ነበር። ታውቅም ነበር። ያላወቀችው ለቢሾፑ መናገሬን ነው።

"ዋይ ናው፣ ናቲ?" አለችኝ። "አንድ ሳምንት መጠበቅ አቃተህ? ጀስት አንድ ሳምንት?"

"ዋሽቼ ምስክር ልሁንልሽ?"

"አዎ!" አለች። ከዚያ አለቀሰች። ከዚያ እንባዋ ቀሚሱን እንዳይነካው ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፣ እኔም ሶፍት ፍለጋ ስዳክር መሪውን ስቼ ከፊታችን የሚመጣው አውቶቡስ ጥሩምባውን ነፋብን።

እውነቷን ነው። ሰርጉ የሷ ነው፣ ሳምንቱም የሷ ነበር። ሌላ ቀን ብመርጥ ደስ ባለኝ። ግን የጠየቁኝ በዚህ ሳምንት ነው። ያልጠየቁኝን አልመለስኩም።

ቤቷ በር ላይ ሳወርዳት "ለእማዬና ለአባዬ ስትነግራቸው እኔ አልኖርም" አለችኝ። የመኪናውን በር ግን ወርውራ አልዘጋችውም።

ማክሰኞ

ነገርኳቸው።

ወላጆቼ ቤት፣ ሬይኖልድስበርግ ስደርስ አባዬ ጋራዡ ውስጥ የሰርጉን ውሃና ለስላሳ እየደረደረ ነበር። ቢራ የለም፣ ጠጅ የለም። የሐበሻ እንግዳ ሁሉ እንደሚያማን እናውቃለን፣ ለምደነዋል። እማዬን ጠራኋትና ሳሎን ተቀመጥን።

በመንገድ ላይ በአማርኛ ልለማመደው ሞክሬ ነበር። ያለው ቃል ሁሉ ስድብ ነው፣ እኔ ደግሞ ራሴን ልሰድብ አልሄድኩም። ስለዚህ "ጌይ ነኝ" አልኩ፣ በእንግሊዝኛው። "ከማርከስ ጋር በፍቅር እንደምኖር ቢሾፑ ያውቃል። ቅዳሜ ቤተ መቅደስ ውስጥ አልገባም።"

እማዬ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አባዬ "ከመቼ ጀምሮ?" አለ፣ ሐኪም እንደሚጠይቀው።

"ከድሮ።"

"ሚሽን ላይ እያለህም?"

"ሚሽን ላይ እያለሁም። ሰው ሳስተምርም፣ ሳጠምቅም።"

ተነስቶ መስኮቱ ጋ ቆመ። ሲዞር ፊቱ ላይ ንዴት የለም፣ ሥራ ነው ያለው፤ አንድ ነገር ሲበላሽ እንዴት እንደሚጠገን ሲያስብ የሚያደርገው ፊት።

"ቅዳሜ ሥራ አልለቀቁህም" አለ።

"ለቀውኛል እኮ። ከወር በፊት ነው የጠየቅኩት።"

"አልለቀቁህም አልኩ። የምትሠራበት መጋዘን እቃ በዝቶበታል። ለሰው የምንለው እሱን ነው፣ አንተም የምትለው እሱን ነው።"

አባዬ ሰውን ሁሉ በአንድ ታሪክ ነው የሚያስለቅሰው። በዲቪ በመጣን በመጀመሪያው ክረምት፣ መኪናችን በረዶ ውስጥ ተቀርቅሮ ሳለ ነጭ ሸሚዝ የለበሱ ሁለት ልጆች መጥተው ገፉልን። የዚያኑ ሳምንት ቤታችን ገቡ። እማዬን እንግሊዝኛ አስተማሯት፣ አባዬን መጽሐፋቸውን። ሲጠመቅ አያቴ አዲስ አበባ ሆነው "ልጅ የለኝም" አሉ። አባዬ ከመድረክ ላይ በቆመ ቁጥር "ለእውነት ስል አባቴን አጣሁ" ይላል። አዳራሹ በሙሉ አፍንጫውን ይጠርጋል። ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ።

"አባዬ" አልኩት፣ "አያቴን ዋሽተሃቸው ነበር? ሥራ ስለበዛብኝ ነው ቤተ ክርስቲያን የማልስመው ብለሃቸው ነበር?"

"አልዋሸሁትም።"

"እኔም አልዋሽህም።"

ያኔ ነው የተቆጣው። "አንድ አይደለም!" ብሎ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው። እማዬ በመሃል ገባች። እሷ የተናገረችው ነው እስካሁን የሚያመኝ። አሥራ ሁለት ዓመቴ ላይ አራታችንም ነጭ ለብሰን ቤተ መቅደስ ገብተን፣ መሠዊያው ዙሪያ ተንበርክከን፣ እጅ ለእጅ ተያይዘን ለዘላለም ቤተሰብ እንድንሆን ታስረናል። ሞት የማይፈታው ነው የተባልነው። ግድግዳው ላይ ትይዩ መስታወቶች አሉ፤ ራሳችንን ማለቂያ በሌለው ሰልፍ አየነው።

"እዚያ ስንደርስ ያንተ ቦታ ባዶ ሊሆን ነው?" አለች። "ሦስት ብቻ ሆነን ዘላለምን ምን አደርገዋለሁ?"

"እማዬ፣ ሞት አይፈታውም አላላችሁኝም? ሞት ያልፈታውን ማርከስ ይፈታዋል?"

"ስሙን እዚህ ቤት ውስጥ አትጥራ" አለ አባዬ።

"ማርከስ" አልኩ።

ውጣ አለኝ። ወጣሁ። ጋራዡ ውስጥ ሳልፍ በካርቶኖቹ መደዳ ላይ አንዱ ተዛብቶ ነበር፣ ሳላስበው አስተካከልኩት።

ረቡዕ

ወሬው ከኔ ቀድሞ ተነስቷል። ከሰው የደረሱኝ መልእክቶች፦

ከመዘምራን መሪዋ፦ ቅዳሜ መሥራትህን ሰማሁ፣ እንዴት ያሳዝናል።

ከታይለር፣ ከሙሽራው፦ ብሮ፣ አለቃህን ላናግረው?

ከአባዬ ጓደኛ ከጋሽ መኩሪያ፦ እንጀራ ነው ምን ይደረጋል፣ እግዜር ይስጥህ።

ለሦስቱም አንድ ዓይነት ነው የመለስኩት፦ ሥራ የለኝም፣ ቅዳሜ እመጣለሁ፣ ውጪ እቀመጣለሁ። የጋሽ መኩሪያን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ላክሁት። ማንበባቸውን የሚያሳዩት ሁለቱ ሰማያዊ ምልክቶች ብቻ ታዩኝ።

ማርከስ ከሥራ ሲመለስ (ነርስ ነው፣ ሁሌ እግሩን እያመመው ነው የሚገባው) አነበብኩለት። እየተረጎምኩ። ደስ አለው፣ ከዚያ "እኔስ ቅዳሜ የት ነኝ?" አለ። እቤት አልኩት። የቤቴል ቀን ነው፣ ባንተና በአባቴ መሃል የሚደረግ ጦርነት አላደርገውም አልኩት።

"ስለዚህ አንተ ከመደበቅ ወጣህ፣ እኔ ገባሁ።"

 ሸሚዜን ሊተኩስልኝ አውጥቶ ነበር፣ ተኩሶ ጨረሰው፣ ሳያናግረኝ። ሰማያዊ ሸሚዝ ነው። ነጭ አልለብስም ብያለሁ፣ ያስገቡኝ መስሎኝ የመጣሁ እንዳይመስል።

ሐሙስ

እማዬ በምሳ ሰዓት ደወለች። የምትንከባከባቸው አሮጊት እንቅልፍ ወስዷቸው ነው። እየጾመች ነው።

"እንድለወጥ ነው የምትጾሚው?"

"ጠዋት እንደሱ ብዬ ነበር የጀመርኩት" አለች። "አሁን እንቅልፍ እንዲወስደኝ ብቻ ነው የምለምነው።"

ሳልፈልግ ሳቅኩ፣ እሷም ሳቀች፣ ከዚያ ሁለታችንም አፈርን። አባዬ ከማክሰኞ ወዲህ ስሜን አንስቶ እንደማያውቅ፣ ለሰርጉ ወንበር ሲቆጥር ግን የኔን እንደቆጠረው ነገረችኝ። ሳያውቀው ይሁን አውቆ አላውቅም አለች።

"ማርከስ የምትለው ልጅ ቤተሰብ አለው?" ብላ ጠየቀችኝ። እናት አለችው አልኳት። "ታውቃለች?" ታውቃለች። "እሺ" አለች። አሮጊቷ ነቁባትና ስልኩን ዘጋችው።

ከማርከስ ጋር ዛሬም አላወራንም። ዳቦ ጠብሶ ለኔም አስቀመጠልኝ። የቂም ዳቦ ነው፣ ግን በላሁት።

ዓርብ

እትዬ ሙሉ ደወሉልኝ። የአባዬ ታላቅ እህት ናቸው። ኖርዝላንድ የሚባል ሰፈር፣ ከወላጆቼ ቤት በመኪና ብዙ የማይርቅ አፓርትመንት ውስጥ ይኖራሉ፣ ግን አባዬ ስለተጠመቀ እዚህ ከመጡ ወዲህ ቤታችንን ረግጠው አያውቁም። ለቅሶ ቤት ሲገናኙ አንገት ለአንገት ይነካካሉ፣ በቃ። ለቤቴል ሰርግ ግን እመጣለሁ ብለዋል። ይሄ በቤተሰባችን ትልቅ ዜና ነው።

"አንተ ውሰደኝ" አሉኝ፣ "ካባቴ ልጅ ጋር በአንድ መኪና አልሄድም።"

እወስድዎታለሁ አልኩ። ከዚያ ጠረጠርኩና እንደማይገቡ አባዬ ነግሮዎታል ወይ ብዬ ጠየቅኩ።

"ነግሮኛል። ውስጥ የሚገባው የተፈቀደለት ነው አለኝ። እሱማ የታወቀ ነው፣ እኛስ ጋ መጋረጃው ውስጥ ማን ይገባል? እኔ ከሴቶቹ ጋር ቆሜ እሰማለሁ።"

እሳቸው ያሰቡት እንደ ራሳቸው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ካህናቱ ከመጋረጃ ወዲያ፣ ሕዝቡ እዚያው ጣሪያ ሥር፣ ቅዳሴውን እየሰማ። አባዬም ያሰቡትን አውቆ ዝም ነው ያላቸው። እንዲቀሩበት አልፈለገም። እኔ ቁርጡን ነገርኳቸው፦ እትዬ፣ መቆሚያም የለም፣ መስማትም የለም፣ መጠበቂያ ክፍል ሶፋ ላይ ነው የምንቀመጠው።

"ለሙሽሪት አክስት?" አሉ። "አንተ ደግሞ ታጋንናለህ።"

ቅዳሜ (እንደገባሁ)

ከመጀመሪያው ልጀምር።

ማርከስ ጠዋት ክራቫቴን አሰረልኝ። ሲጨርስ ደረቴን መታ መታ አደረገኝና "ሂድ፣ ቁም" አለኝ። እርቅ ነው ብዬ ወሰድኩት።

እትዬ ሙሉ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ደረታቸው ላይ መስቀላቸውን አድርገው መኪና ውስጥ ገቡ። መንገዱን ሙሉ አባዬን አሙልኝ። የቤተ መቅደሱ በር ላይ ያለችው ነጭ የለበሰች አሮጊት ካርድ ጠየቀቻቸው።

"ሙሽሪት የወንድሜ ልጅ ናት በላት።"

ተረጎምኩ። ሴትየዋ ይቅርታ እያለች ፈገግ አለች።

"ፈገግታውን ተዪው በላት።"

ያንን አልተረጎምኩም። መጠበቂያው ክፍል ሄደን ተቀመጥን። የታይለር የእህት ልጆች ምንጣፉ ላይ መኪና ያሽከረክራሉ። ከሕፃናትና ከአንድ ጠባቂያቸው በቀር እኔና እትዬ ሙሉ ብቻ ነን።

ከዚያ እማዬ መጣች። ነጭ ቀሚሷን በቦርሳ ይዛለች። አባዬና ቤቴል ቀድመው ገብተዋል። ለአክስቴ አጎንብሳ ሰላምታ ሰጠች፣ አጠገቤ ተቀመጠች፣ ቦርሳውን እግሯ ሥር አደረገች።

"አልገባም" አለች።

"እማዬ።"

"ልጄ ውጪ ተቀምጦ እኔ ልገባ?"

በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። አንድ ደቂቃ፣ ምናልባትም ከዚያ ያነሰ፣ ዝም ብዬ ተደሰትኩበት። ትቀመጥልኝ፣ ይየው፣ ሁሉም ይየው አልኩ በልቤ። ከዚያ ቤቴል እዚያ መስታወቶቹ መሃል ቆማ በር በሩን ስታይ ታየችኝ። ቦርሳውን አንስቼ እጇ ውስጥ አስያዝኳት።

"ግቢ። እኔን የከለከሉኝ እነሱ ናቸው፣ ቤቴልን አንቺ እንዳትከለክያት። አንድ እናት ነው ያላት።"

ገባች። ሁለት ጊዜ ዞራ አየችኝ።

እትዬ ሙሉ ይሄን ሁሉ ሲያዩ ቆይተው ወደኔ ዞሩ። "አንተስ? አንተ የነሱ አይደለህም እንዴ? ምን አጥፍተህ ነው ከኔ ጋር የጣሉህ?"

"ምንም አላጠፋሁም" አልኩ። "ከወንድ ጋር ነው የምኖረው፣ እንደ ባለትዳር። ለዚህ ነው የማያስገቡኝ።"

አማተቡ። ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ ሶፋው ዳር ሸሹ። "ይሄን ለኔ ባትነግረኝ ምን ነበረበት?"

"ጠየቁኝ እኮ።"

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከልጆቹ አንዱ መኪናውን እግራቸው ላይ ነዳው፣ አልተቆጡትም። ልነሳና ውጪ ልቁም ብዬ ነበር፣ ግን ለምን እነሳለሁ? ሌላ ክፍል አልቀረኝም።

"አባትህ ያውቃል?" አሉ፣ አሁንም ወደ ግድግዳው።

"ያውቃል።"

"ምን አለ?"

"ለሰው ሥራ አልለቀቁትም እንበል አለ።"

ያኔ ዞሩ። በአፍንጫቸው ሳቁ፣ ሳቅ ከተባለ። "እኔ ገና አዲስ አበባ እያለሁ፣ አባታችን ያረፈ ጊዜ" አሉ፣ "አባትህ ጌታቸው ለቀብር እመጣለሁ፣ ቲኬት ቆርጫለሁ ብሎ ደወለ። እኔ ነኝ አትምጣ ያልኩት። ሃይማኖቱን የለወጠ ልጅ ሳጥኑ ፊት እንዲቆም አልፈለግንም። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሁሉ ጌታቸውስ፣ ጌታቸውስ ይላል። ምን እንዳልን ታውቃለህ?"

አላውቅም አልኩ። አውቄው ነበር።

"አሜሪካኖቹ ሥራ አልለቀቁትም አልን።"

አባዬ ይሄን ያውቃል ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። "ለሰው ምን ልበል ብዬ የጠየቅኩት እሱን ነው" አሉ። "እንደሱ በሉ ያለኝ ራሱ ነው።"

ስለኔ ሌላ አልተናገሩም። ኃጢአት መሆኑን እንዳልለወጡ ግልጽ ነበር። ግን ከሶፋው ዳር ትንሽ ወደ መሃል መጡ፣ ምናልባት ዳሩ ስለማይመች ነው። እኔም ምን እንደተሰማኝ በትክክል አላውቅም። ማክሰኞ የተነገረኝን ዓረፍተ ነገር አባዬ ከየት እንዳመጣው አሰብኩ። ያኔ ስልኩን ዘግቶ የት እንደተቀመጠ፣ ማን አብሮት እንደተቀመጠ። አዘንኩለት፣ ማዘኔም አናደደኝ። እንዴት እንደሚያም እያወቀ ያንኑ ቃል አጎረሰኝ።

ሲወጡ ደረጃው ላይ ተሰብስበን ነበር። ቤቴል ከነቀሚሷ በሩን አልፋ ስትመጣ እትዬ ሙሉ እልል አሉ፤ ከሁሉም ሰው በላይ፣ ብቻቸውን፣ እስኪበቃቸው። ነጭ ለባሾቹ አሮጊቶች ደነገጡ። ፎቶ አንሺው የሙሽራዋ ቤተሰብ ወደ ላይ ይምጣ አለ። ማንም አልጠራኝም። ወጣሁ። አባዬ አጠገብ ያለውን ቦታ ያዝኩ።

"ሰው ይጠይቃል" አለኝ በቀስታ፣ ካሜራውን እያየ።

"ይጠይቅ።"

ቤቴል ከወዲያ በኩል እጇን ዘርግታ የኮቴን እጅጌ ያዘች። "አይ አም ስቲል ማድ አት ዩ፣ ንዴቴ አልወጣልኝም" አለች፣ ጥርሷን ለፎቶው እያሳየች። ግን አልለቀቀችውም።

ድግሱ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ነበር፣ ማለት የቅርጫት ኳስ ሜዳው ላይ። ከቅርጫቱ ሥር እስክስታ ተመታ። አንድ የአባዬ ወዳጅ፣ ፈረንጅ፣ ሳህኑን ይዞ መጥቶ "ዛሬ ሥራ አልነበረህም?" አለኝ። "አይ፣ ጌይ ነኝ፣ ፈቃድ አልሰጡኝም" አልኩት። ጥቂት አሰበና ዶሮው በጣም ያቃጥላል አለኝ። ያቃጥላል አልኩት። ለመጀመሪያ ቀን ጥሩ ነው።

ስወጣ እትዬ ሙሉ ከአባዬ ጠረጴዛ ሄደው ፊት ለፊቱ ተቀምጠው ነበር። እሳቸው ያወራሉ፣ እሱ የጠረጴዛ ጨርቁን እያየ ይሰማል። ምን እንዳሉት አላውቅም። የሚወስዳቸው ሌላ ሰው እንዳለ በእጃቸው አመለከቱኝና ሄድኩ።

እሑድ

ዛሬ ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ተኝተን አረፈድን። ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ፣ ማርከስ ከፈተ። ብወጣ አባዬ ነው።

ብሌንደን ታውንሺፕ ያለው ቤታችን ከገባሁ ጀምሮ መጥቶ አያውቅም። የቤተ ክርስቲያን ልብሱን እንደለበሰ፣ ነጭ ሸሚዝና ክራቫት፣ በፎይል የተሸፈነ ትሪ ይዞ ቆሟል። ማርከስ በቁምጣ ነው። ሁለቱ ተያዩ።

"ሩምሜት?" አለ አባዬ በእንግሊዝኛ።

"አይደለም አባዬ" አልኩት በአማርኛ።

"አውቃለሁ" አለ። "ሰምቻለሁ።"

ማርከስ እጁን ዘረጋ። የአባዬ ሁለቱም እጆች ትሪው ሥር ናቸው። ትሪውን ሰጠው። ማርከስ ተቀበለ። ስለዚህ አልተጨባበጡም፣ ግን ከእጁ ሲቀበለው ጣታቸው ሳይነካካ አይቀርም።

"የትናንቱ ነው፣ ተርፎ ነው" አለኝ። "ለሁለት ሰው ነው ብላለች እናትህ።"

"ግባ አባዬ።"

"መኪናው..." አለ። መኪናው ምን እንደሆነ አልጨረሰውም።

"እትዬ ሙሉ ነግረውኛል" አልኩት። "የአያቴን ቀብር።"

አንገቱን ነቀነቀ። ፊቱ ሽማግሌ ሆኖብኝ ነበር። "ያኔ እውነቱን ንገሩልኝ ብል ኖሮ..." ብሎ ጀመረ። ይሄንንም አልጨረሰውም። ደረጃውን ወረደ። መኪናው ውስጥ ገብቶ ሞተሩን ሳያስነሳ ትንሽ ተቀመጠ። እኔም ወደ ታች አልወረድኩም፣ በሩንም አልዘጋሁም። ከዚያ ሄደ።

ለማመስገን እማዬ ጋ ደወልኩ።

"ምግቡ ደርሶናል" አልኳት።

"የምን ምግብ?"

"አባዬ ያመጣው። ለሁለት ሰው ነው ብለሽ የላክሽው።"

 "እኔ ምግብ አልላክሁም" አለች። "አባትህ ስብሰባ የሄደ ነው የመሰለኝ።"

ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም። ነገ ሊጸጽተው ይችላል፣ እንደገናም ስሜን ላያነሳ ይችላል። ማርከስ ፎይሉን አንስቶ ሁለት ሹካ አምጥቶ ነበር። ይሄ በእጅ ነው የሚበላው አልኩትና እጃችንን ታጠብን።